ሰባት ቤት የማይቆጠርላት ላም

በምዕራብ ሸዋ ሰው ልጁን ሲድር ዘር ይቆጥራል። አማራው ሰባት ቤት ይላል፣ ኦሮሞው ጎሳውን ይለያል። ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው የልጁ ሀብት ሳይሆን «የማን ልጅ ነው? አያቱስ ማን ናቸው?» የሚለው ነው። ዝምድና ከተገኘ ልጁ ወርቅ ቢሆንም ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ከዚያው ቤት ጓሮ የታሰረችው ላም ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አይደርሳትም። ጊንጪ ዙሪያ፣ ደንዲ ወረዳ ውስጥ፣ ወተቷን በየጠዋቱ ለሰብሳቢ የምትሰጥ አንዲት ድቅል ላም አባቷ ማን እንደሆነ ባለቤቷ ላያውቅ ይችላል። «የፈረንጅ ደም አላት» ይባላል፣ በቃ። ምን ያህል ደም? ከየትኛው ኮርማ? ያ ኮርማ የእናቷም አባት ቢሆንስ? የሚጠይቅ የለም። ውሻ የሚገዛ ሰው የዘር ሐረግ ወረቀት በሚጠይቅበት ዘመን፣ የቤተሰብ ቀለብ የሆነችው ላም ያለ ወረቀት ትኖራለች።

የሚገርመው፣ ዘሯ ከአያት ከቅድመ አያት ተቆጥሮ የተያዘላት ላም በዚሁ ዞን ውስጥ አለች። የአገሬው ዘር አይደለችም እንጂ። ከዴንማርክ የመጣች ናት።

ነገሩ የተጀመረው በ1986 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደርግ ሥልጣን ላይ ነው፣ የ1984/85ቱ ረሃብ ጠባሳው ገና ትኩስ ነው። ዋና ከተማው እንጭኒ በሆነው በአደአ በርጋ ወረዳ፣ ብርዳማው ደጋ ላይ፣ አንድ የመንግሥት የወተት ከብት እርባታ ተቋቋመ። ለዚሁ ሲባል 400 እርጉዝ የጀርሲ ጊደሮችና 2 ኮርማዎች ከዴንማርክ ተገዝተው ገቡ። ዓላማው ንጹሕ የጀርሲ መንጋ አገር ውስጥ ይዞ፣ ከዚያ ኮርማና ጊደር እያወጡ ለማዳቀል ሥራ ማዋል ነበር። እርባታው በኋላ በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ሥር ገባ፣ መንጋውም ትውልድ እየተካ ቀጠለ።

ጀርሲ ለምን? ትንሽ ላም ናት። ከፍሪዥያን ጋር ብትቆም ጥጃ ትመስላለች። የምትሰጠው ወተት በሊትር ሲለካ ከፍሪዥያን ያንሳል፤ ቅባቱ ግን ብዙ ነው። የፍሪዥያን ወተት ቅባት 3.5 በመቶ አካባቢ ሲሆን የጀርሲ 5 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ከአስፋልት ርቆ ለሚኖር የደጋ ገበሬ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ወተቱ ከተማ ሳይደርስ ይበላሽበታል፤ ስለዚህ ንጦ ቅቤውን ይሸጣል። በዐቢይ ጾም የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝም ቅቤ ይቆያል። ትንሽ የምትበላ፣ ብዙ ቅቤ የምትሰጥ ላም ለዚህ አገር የተሠራች ትመስላለች።

እሷም ብትሆን ዘሯ እንዲሁ በዘፈቀደ የተገኘ አይደለም። ጀርሲ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ደሴቲቱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ከብት በሕይወት እንዳይገባባት ሕግ አወጣች፤ የ1789ኙ ሕግ በጣም የታወቀው ነው። በ1866 ደግሞ የትውልድ መዝገብ ከፈተች። መዝገቡ ላይ አባትና እናቱ ያልተጻፈ ከብት ጀርሲ አይባልም። የውጭ ኮርማ ዘር እንዲገባ የተፈቀደው በ2008 ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በር ዘግቶ መዝገብ መያዝ ማለት ነው፣ ለዚያውም ለላም። አደአ በርጋ የደረሱት 400 ጊደሮች የዚያ መዝገብ የልጅ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አለ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው። 400 ላምና 2 ኮርማ ሲባል 402 ከብት ይመስላል። ለዘር ጤንነት ግን 402 አይደለም። የዘር ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ቀመር አለ፤ የወንዱን ቁጥር በሴቷ ቁጥር፣ ያንን በ4 ማባዛት፣ ከዚያ ለድምሩ ማካፈል። 4 ሲባዛ በ2 ሲባዛ በ400 ይሆናል 3200። ለ402 ሲካፈል 8 አይሞላም። በሌላ አነጋገር ሁለት ኮርማ ብቻ ያለው የ400 ላም መንጋ፣ ደሙ የሚጠበው ስምንት እንስሳ ብቻ እንዳለው መንጋ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አንድ ዝርያ በዘመድ መራባት እንዳይጎዳ ቢያንስ 50 እንዲሆን ይመክራል። ኮርማው ሲያንስ ላሙ ቢበዛ ዋጋ የለውም፤ የሚቀጥለው ትውልድ ሁሉ በአባት ወንድምና እህት ይሆናልና።

በእርግጥ ጊደሮቹ እርጉዝ ሆነው ነው የመጡት። በሆዳቸው የነበሩት ጥጆች አባቶች ዴንማርክ የቀሩ ኮርማዎች ስለሆኑ የመጀመሪያው ትውልድ ከሁለቱ ኮርማዎች ደም ውጭ ነበር። ከውጭ የኮርማ ዘር በማምጣትም ደሙን ማስፋት ይቻላል። ሒሳቡ የሚያሳየው እንዲህ ያለውን መንጋ የሚያቆየው ሣርና መኖ ብቻ አለመሆኑን ነው። መዝገብ ያስፈልገዋል። የትኛዋ ጊደር የየትኛው ኮርማ ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ አባት ልጁን፣ ወንድም እህቱን ያጠቃል። አባትና ልጅ ሲገናኙ ከሚወለደው ጥጃ የዘር ቅንጣቶች ሩቡ፣ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሆነው የሚገጥሙበት ዕድል አለ። ተደብቆ የኖረ በሽታ የሚወጣው በዚህ በኩል ነው። ማህፀን አልይዝ ይላል፣ ጥጃ ይሞታል፣ ወተት ይቀንሳል። ሰባት ቤት የሚቆጥረው ሽማግሌ ሳይንሱን ሳይማር ያወቀው ይህንኑ ነው።

የምርምር ማዕከል ሥራው ስለዚህ አሰልቺ ነው። ጥጃ ይወለዳል፣ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረጋል፣ ይመዘናል፣ አባትና እናቱ ይጻፋሉ። ወተት ጠዋትና ማታ ይለካል፣ ይጻፋል። አንድ ኮርማ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው በራሱ መልክ ሳይሆን በሴት ልጆቹ ወተት ነው። ልጆቹ እስኪወለዱ፣ እስኪያድጉ፣ እስኪወልዱና አንድ የወተት ዘመን እስኪጨርሱ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በኢትዮጵያ በዚህ መካከል ሚኒስትር ይለወጣል፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይለወጣል፣ አንዳንዴ መንግሥቱም ይለወጣል። ኮርማው ግን ውጤቱን ገና እየጠበቀ ነው።

የውጭ ከብት ታሪክ በኢትዮጵያ ከአደአ በርጋ ይቀድማል። ሰው ሠራሽ ማዳቀል መጀመሪያ የተሞከረው በ1938 በአስመራ፣ በጣሊያኖች እጅ ነው። ጦርነቱ አቋረጠው፣ በ1952 እንደገና ተጀመረ። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶችን ሰጠ። በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፣ ሆለታም ማዕከሉ ሆነች። ቀጥሎ በ1974፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት፣ ትልቁ የማዳቀል ምርምር ተጀመረ። በሆለታ፣ በባኮ፣ በአዳሚ ቱሉና በመልካ ወረር፣ ሦስት የአገር ዝርያዎች፣ ማለትም ቦረን፣ ሆሮና ባርካ፣ ከሦስት የውጭ ዝርያዎች፣ ከፍሪዥያን፣ ከጀርሲና ከሲሜንታል ጋር ተዳቀሉ። ብሔራዊው የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል በቃሊቲ የተቋቋመው በ1981 ነው።

ከእነዚህ ጣቢያዎች ሁለቱ፣ ሆለታና ባኮ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው በዚሁ አንድ አስፋልት ላይ ናቸው። ደንዲ መካከላቸው ናት። ጊንጪ ራሷም ለረጅም ጊዜ የሆለታ ንዑስ ጣቢያ ያለባት ከተማ ናት፤ እርግጥ ሥራው በጥቁሩ መሬት ላይ እንጂ በከብት ላይ አይደለም።

የባኮ ድርሻ ሆሮ ነበር። ሆሮ የምዕራቡ ኦሮሚያ ከብት ነው። ከሆሮ ጉዱሩ ተነስቶ በወለጋ፣ በምዕራብ ሸዋ፣ በጅማና በኢሉባቦር ይገኛል። ቆዳው አንድ ወጥ ቡናማ ነው፣ በሬው ግዙፍ ነው። ሊቃውንቱ በዘቡና በሳንጋ መካከል ያለ ዝርያ ይሉታል፣ እንደ ጎጃምና ጎንደሩ ፎገራ ማለት ነው። ወተቱ ጥቂት ነው፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን በድርቅ ወቅት በገለባ የሚቆይ፣ መዥገርና እርጥበት የለመደ፣ ያለ ዶክተር የሚያድር ከብት ነው። ይህን ጠባይ ማንም በአንድ ቀን አልሰጠውም። የሆሮ ገበሬ ስም የለሽ ምርጫ በብዙ መቶ ዓመታት ያመጣው ነው፤ ደካማው ይታረዳል፣ ብርቱው ኮርማ ይቀራል።

የ1974ቱ ምርምር ዓመታት ወስዶ ያረጋገጠው ነገር ቀላል ነው። የአገር ላም ከፍሪዥያን ወይም ከጀርሲ ስትዳቀል የመጀመሪያዋ ድቅል፣ ግማሽ በግማሽ የሆነችው፣ አስደናቂ ናት። ወተቷ ከእናቷ በእጅጉ ይበልጣል፣ ጤናዋም ወደ እናቷ ያደላል። ድቅሎቹ እርስ በርሳቸው ሲጋቡ ግን በሁለተኛው ትውልድ ያ ብርታት ይወርዳል። የውጭ ደሙ በጣም ሲጨመር ደግሞ ላሟ መኖና ሐኪም የማያልቅባት ባለጸጋ ቤት ትፈልጋለች፤ ለደንዲ ገበሬ ሸክም ነች።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግን በፖሊሲ ወረቀቶች ላይ እምብዛም አይጻፍም። ምርጧ ላም የመጀመሪያዋ ድቅል ከሆነች፣ እሷን ለማግኘት ሁልጊዜ ንጹሕ እናት ታስፈልጋለች። ንጹሕ ሆሮ፣ ንጹሕ ቦረን። ሁሉም ላም ከተዳቀለ በኋላ የመጀመሪያ ድቅል የሚባል ነገር አይኖርም። ማዳቀልን የሚወድ ሰው የአገሬውን ዘር ለመጠበቅ ቀዳሚ መሆን ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከብት ማሻሻል ማለት የአገሬውን ደም ማጥፋት ተደርጎ ለሃምሳ ዓመት ተሰብኳል።

የቦረን ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል። ቦረን ስሙ እንደሚናገረው የቦረና አምባ ከብት ነው። ወደ ኬንያ የወረደውን የኬንያ ነጮች በእርሻቸው መርጠው አራቡት፣ በ1951 የቦረን አርቢዎች ማኅበር አቋቁመው መዝገብ ያዙለት። ከዚያ በኋላ የዚያ መዝገብ ልጆች በፅንስ መልክ ወደ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ተሻገሩ። ዛሬ ቦረን በዓለም የሥጋ ከብት ገበያ ስም ያለው ዝርያ ነው፣ ስሙን ያስጠራው ግን ኬንያ ውስጥ የተያዘው መዝገብ ነው። ቡና ላይ ስለ ስምና ባለቤትነት ብዙ ተጮኋል። ስለ ቦረን የጮኸ ሰው ጥቂት ነው።

መዝገብ መያዝ ብቻውንም አያድንም፤ መዝገብ ይዘው የተሳሳቱ አሉ። በአሜሪካ በ1962 የተወለደ «ቺፍ» የሚባል የፍሪዥያን ኮርማ ነበር። ሴት ልጆቹ ወተታቸው ድንቅ ስለነበር ሁሉም ዘሩን ፈለገ። 16,000 ሴት ልጆች፣ 500,000 ያህል ሴት የልጅ ልጆች ነበሩት። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ቺፍ አንድ ገዳይ የዘር ጉድለት ተሸክሞ እንደነበር ታወቀ። ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ይሞታል። በዓለም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጽንስ በዚህ እንደጠፋ፣ ኪሳራውም 420 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተሰልቷል። ልጆቹ ያመጡት የወተት ትርፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ አሜሪካኖች ቺፍን አይረግሙትም። ጉድለቱን ለይተው ማወቅ የቻሉት ግን የእያንዳንዷ ላም አያት የተጻፈ በመሆኑ ነው። አንድ ዝነኛ ኮርማ ጊንጪ ዙሪያ ተመሳሳይ ነገር ቢያመጣ ገበሬው የሚያየው ላሙ ደጋግማ አልይዝ ማለቷን ብቻ ነው። «ቴክኒሻኑ አያውቅም» ይባላል፣ ወይም ቡዳ ይባላል።

በተቃራኒው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት አላት፣ ከዚህ ውስጥ ከ97 በመቶ በላይ የአገሬው ዘር ነው። ታዲያ ምን ጠፋ? ጥያቄው ይኸውና ነው። ልጁ ወተት ላላገኘ ቤተሰብ የዘር ጥራት ማውራት ቅንጦት ነው ይላሉ። የንጹሕ ዘር ወሬ ራሱ ጥሩ ጠረን የለውም የሚሉም አሉ፤ ሰው ላይ ሲደርስ ምን እንዳመጣ ታሪክ ያውቃል።

የመጨረሻው ሥጋት ለከብት አይሠራም። ለሰው ዘር ቆጠራ የመጣው ዝምድናን ለመሸሽ ነው፣ ለከብትም የሚፈለገው እሱ ነው። የ97 በመቶው ቁጥር ግን ያታልላል። «የአገሬው ዘር» የሚለው ቃል ሆሮን፣ ቦረንን፣ ፎገራን፣ በጋይትን፣ ሸኮንና ስም ያልወጣላቸውን ብዙዎች በአንድ ጆንያ ይከታል። ፎገራ ለምሳሌ፣ በጣና ዳር የግጦሽ መሬቱ ወደ ሩዝ ማሳ ሲለወጥና ከጎረቤት ከብት ጋር ሲቀላቀል ንጹሑ እየሳሳ ሄዷል፤ ለዚህም ነው በአንዳሳና በመተከል እርባታዎች ንጹሑን ለብቻ መያዝ ያስፈለገው። ሸኮ፣ ያ ሻኛ የሌለው የደቡብ ምዕራብ ከብት፣ የገንዲን በሽታ በመቋቋም የታወቀ ነው። እሱ ከጎረቤት ዘር ጋር ተቀላቅሎ ሲያልቅ የሚጠፋው አንድ መልክ ብቻ አይደለም፣ መድኃኒትም ነው። ከ70 ሚሊዮን ውስጥ አንዱ ዝርያ ሲያልቅ ድምሩ ላይ ምንም አይታይም።

የወተቱን ነገር በተመለከተ ክርክሩ ትክክል ነው፤ ወተት ያስፈልጋል፣ ማዳቀልም ያስፈልጋል። አሁን ግን ማዳቀሉ የሚካሄድበት መንገድ ያሳስባል። ባለፉት ዓመታት የተለመደው ዘመቻ ነው። ላሞች በሆርሞን በአንድ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉ ተደርጎ በአንድ ቀን በርካታ ላም ይዳቀላል። በ2022 የሌማት ትሩፋት ከታወጀ በኋላ የቁጥር ጥያቄው የበለጠ በርትቷል። ወረዳው የሚጠየቀው «ስንት ላም ተዳቀለ?» ተብሎ ነው። ዘሩ ያለባት ቀጭን ቱቦ ላይ የኮርማው ቁጥር ታትሟል። ቁጥሩ ወደ ቴክኒሻኑ ደብተር ካልተገለበጠ፣ ከደብተሩም ወደ ገበሬው እጅ ካልደረሰ፣ ቱቦው ሲጣል የጥጃዋ አባት አብሮ ይጣላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ጥጃዋ ጊደር ሆና ስትቀርብ የዚያው ኮርማ ዘር እንደገና ሊመጣላት ይችላል፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን በሚያጥርበት አገር ቴክኒሻን የሚያዳቅለው በተገኘው ነው፣ አማርጦ አይደለም።

አገሪቱ ዘር መጠበቅ አታውቅም ማለት ደግሞ ሐሰት ነው። የእፅዋት ዘር ባንኳ በ1976 የተቋቋመ፣ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ጤፍና ገብስ በቀዝቃዛ ክፍል ይተኛሉ። እንስሳት የተጨመሩት የብዝሃ ሕይወት መሥሪያ ቤቱ በ1998 ሲደራጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይተው ማለት ነው። ምክንያቱ ይገባል፤ ገብስ በከረጢት ይቀመጣል፣ ኮርማ ግን ይበላል። ስድስት ኪሎ ያሉት አንበሶች እንኳ ከከብቱ የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል። በ1948 በሰባት አንበሶች፣ አምስት ወንድና ሁለት ሴት፣ የተጀመረው የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንጋ በ2012 በወጣ የዘር ጥናት ራሱን የቻለ ልዩ ደም ያለው መሆኑ ሲታወቅ፣ ዜናው ዓለምን ዞረ፣ በጥንቃቄ ይራቡ የሚል ጥሪም ቀረበ። ለሆሮ ኮርማ እንዲህ ያለ ዜና የሠራለት የለም።

ከሆሮ ስም ጋር የተያያዙ ሁለት ሥራዎች ግን መንገዱን ያሳያሉ። አንደኛው የዶሮ ነው። በ2008 ከሆሮ አካባቢ የተሰበሰበ እንቁላል ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ተፈለፈለ፣ ከዚያ የውጭ ደም ሳይገባ፣ ከመካከላቸው የተሻለ የምትጥለውንና የምታድገውን ብቻ እየመረጡ ትውልድ በትውልድ አራቧቸው። በጥቂት ትውልዶች የእንቁላሉ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሁለተኛው የበግ ነው። ከ2009 ጀምሮ በአፋር፣ በቦንጋ፣ በመንዝና በሆሮ በጎች ላይ የተሞከረው አሠራር ምርጫውን ለገበሬው ለራሱ ሰጠ። መንደሩ አውራ በጎቹን አንድ ላይ ያቀርባል፣ የልደትና የክብደት መዝገብ ይታያል፣ ምርጦቹ ለመንደሩ ይቀራሉ፣ የተቀሩት ይሸጣሉ ወይም ይቀጠቀጣሉ። ቦንጋና መንዝ ላይ ሥራው ሥር ሰዷል። አዋጅም የሩቅ ላቦራቶሪም አልጠየቀም። መዝገብ የሚይዝ አንድ ሰው፣ ለመስማማት የፈቀደ መንደር፣ ትዕግሥትም ነበር የጠየቀው።

ለከብት ይከብዳል፤ ላም እንደ ዶሮ በዓመት አትተካም። ሆኖም በዚያው አስፋልት ላይ አስፈላጊው ሁሉ አለ። ባኮ ሆሮን ለአሥርት ዓመታት ያጠና ማዕከል ነው። ሆለታ ቦረንና ፍሪዥያንን እያዳቀለ ኮርማ የሚያወጣ ጣቢያ አለው። አደአ በርጋ አንድን ትንሽ መንጋ በመዝገብ ማቆየት እንደሚቻል አሳይቷል። አምቦና ጉደር ላይ በየዓመቱ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ የሚያስመርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ።

ጊዜ ግን ሁልጊዜ የለም። የሆሮ ከብት ማኅፀን የሆነው ሆሮ ጉዱሩ ባለፉት ዓመታት ግጭት ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር። ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፣ ከብት ተነድቷል፣ ተዘርፏል፣ በርካሽ ተሸጧል። የተፈናቀለ ገበሬ የመጨረሻ ኮርማውን ለሥጋ ቤት ሲሰጥ በኪሎ ይመዘንለታል። ስንት ትውልድ መርጦ ያቆየው ኮርማ እንደሆነ ሚዛኑ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም።